ስለ ውስጠኛው ነፋስ፦ በእጅ የሚሠሩ አውሮፕላኖች የሞተር ማቀዝቀዣና የጣና ዳር አየር

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን ከኢጣልያ መንግሥት ለኢትዮጵያ በይፋ በተመለሰች ጊዜ፣ ስለ እርስዋ ከተነገረውና ከተጻፈው የሚበዛው ስለ ምርኮዋ፣ ስለ ስደቷና ስለ ክብሯ ነበር። ይህ የሚገባ ነው፤ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ረዳቶቹ ጋር በጃን ሜዳ ሠርቶ ያቆማት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራች፣ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በጦርነቱ መካከል ከምድር የተነሣች፣ ሠላሳ ሰዓት ያህል በርራ በወራሪው እጅ ከወደቀች በኋላም በብራቻኖ ሐይቅ ዳር በሚገኘው የቪኛ ዲ ቫሌ ቤተ መዘክር ዘመናትን የቈየች ናትና። ሆኖም የምርኮ ታሪኳ የሥራዋን ምሥጢር ሸፍኖታል። ፀሐይ ከአርማነቷ አስቀድሞ መኪና ናት፤ ክብደት ያላት፣ ነዳጅ የምታቃጥል፣ ትኩሳቷን ለነፋስ አስረክባ ካልሆነ በአየር ላይ ልትቈይ የማትችል መኪና። እኛም ስለ አውሮፕላን ስንጽፍ ክንፉን እናደንቃለን፣ የሞተሩን ጉልበት እንቈጥራለን፤ በሞተሩ ኮፈን ውስጥ ገብቶ ስለሚወጣው ነፋስ ግን አንዲት ቃል አንጥልም። የዚህ ዳሰሳ ጕዳይ ያ የተዘነጋው ነፋስ ነው።

የፀሐይ ሞተር ቫልተር ቬኑስ የሚባል የቼኮስሎቫክያ ሥራ ነበር፤ ሰባት ሲሊንደሮቹ በአንድ ዘንግ ዙሪያ በክብ የቆሙ፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ውኃም ራዲያተርም የሌለው፣ ከነፋስ በቀር ሌላ ማቀዝቀዣ የማያውቅ ሞተር ነው። ነዳጅ ከሚሰጠው ኃይል ወደ ሥራ የሚለወጠው ከሢሶ አይበልጥም፤ የቀረው ትኩሳት ሆኖ ከፊሉ በጭስ ማውጫው ሲወጣ ከፊሉ በሲሊንደሮቹ ዙሪያ በተደረደሩት ስስ የብረት ገጾች በኩል ወደ አየር ይተላለፋል። በዚያ ዘመን የአነስተኛ አውሮፕላን ሠሪዎች ሲሊንደሮችን ራቁታቸውን ለነፋስ ማጋለጥ በቂ ይመስላቸው ነበር፤ ፀሐይም የዚያ ትውልድ ልጅ ናት። ነገር ግን ራቁት ሲሊንደር ሁለት ጊዜ ይበድላል፤ ነፋሱ ፊቱን መትቶ ወደ ጎን ስለሚሸሽ ጀርባው እንደ ጋለ ይቀራል፤ የተበታተነውም ነፋስ በኋላው እየተሽከረከረ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይጎትታል። አሜሪካዊው ፍሬድ ዊክ እ.ኤ.አ. በ1928 በላንግሊ የነፋስ ዋሻ መርምሮ ባቀረበው ኮፈን ተሸፍኖ የበረረው የከርቲስ አውሮፕላን፣ በሞተሩ ላይ አንዲት የፈረስ ጉልበት ሳይጨመርበት ፍጥነቱ በሰዓት ከ190 ወደ 220 ኪሎ ሜትር ከፍ ማለቱ የዚህን በደል መጠን በግልጥ ያሳየ ነበር።

ከዚህ የጠለቀውን ሐተታ ያቀረበው ደግሞ በእንግሊዝ አገር በፋርንቦሮ ይሠራ የነበረው ሜሬዲት ሲሆን፣ ጽሑፉ የወጣው ፀሐይ በተሠራችበት በዚያው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው። የነገሩ ፍሬ እንዲህ ነው፦ ወደ ውስጥ የገባው ነፋስ ቀስ በቀስ እየሰፋ በሚሄድ መንገድ ቢመራ ፍጥነቱ ወደ ግፊት ይለወጣል፤ ረግቶም በጋለው ብረት መካከል በዝግታ ያልፋል፤ ትኩሳቱን ከተሸከመ በኋላም እየጠበበ በሚሄድ መውጫ ፍጥነቱን መልሶ አግኝቶ ወደ ኋላ ይለቀቃል። በብረቱ መካከል የሚያልፈው ነፋስ ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስ በመንገዱ ላይ የሚጠፋው ግፊት ወደ ሩብ ገደማ ስለሚወርድ፣ ማዝገም ማትረፍ ይሆናል። ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው የማቀዝቀዣው መንገድ ራሱ አውሮፕላኑን ወደ ፊት ይገፋል ሲሉ ይሰማል፤ ይህ ግን በታላቅ ፍጥነት ለሚበርሩ የጦር አውሮፕላኖች ተስማሚ የሆነውን ለሁሉ ማልበስ ነው። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ለሚበር በእጅ ለተሠራ አውሮፕላን ከትኩሳቱ የሚገኘው ግፊያ እጅግ ጥቂት ነው፤ ትርፉ ያለው ኪሳራውን በማሳነስ ላይ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ወደ ባሕር ዳር እናምጣው። በጣና ሐይቅ ዳር ያለው የአውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት፣ ዝናቡ ሳይጀምር፣ የቀትሩ ሙቀት ወደ 28 ዲግሪ ሲደርስ፣ የአየሩ እፍግታ በባሕር ወለል ላይ ካለው ወደ 77 በመቶ ይወርዳል። ባለሙያዎች ሳይቀሩ ሲናገሩ የሚሰማው፣ አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ ሞተሩን ሊያቀዘቅዝ አይችልም፣ ስለዚህም የኮፈኑ አፍ ይስፋ የሚል ነው። ይህ አባባል ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ በምሕንድስና ከፍጹም ስሕተት ይልቅ ብዙ ነዳጅ ይፈጃል።

በገዛ ትንፋሹ ብቻ የሚሠራ፣ ማለት አየር የሚያጭቅለት ተርቦ የሌለው ሞተር፣ ራሱም የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር ነው፤ ስለዚህ በባሕር ወለል 100 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው በጣና ዳር ቀትር ከ74 ብዙ አይበልጥም፤ ትኩሳቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። አብራሪው በፍጥነት መለኪያው ሰሌዳ ላይ ያንኑ ፍጥነት ጠብቆ ቢበር፣ በኮፈኑ ውስጥ የሚያልፈው የአየር ክብደት የሚወርደው ወደ 88 በመቶ ብቻ ነው። ትኩሳቱ ከሩብ በላይ ሲቀንስ ማቀዝቀዣው አየር ስምንት አንድ እጅ ብቻ ከቀነሰ፣ በመቶኛ ለሚያሰላ ሰው ነገሩ ወደ መልካም ያደላ ነው፤ የሚያልፈው አየር ራሱ ከሌላው ቦታ የሞቀ መሆኑ ጥቂት ቢወስድበትም። ታዲያ በደጋና በወይና ደጋ አገር ሞተር ለምን ይግላል?

መልሱ በጊዜ ውስጥ ነው። 500 ኪሎ ግራም የሚመዝንና ባለ 100 የፈረስ ጉልበት አንድ አነስተኛ አውሮፕላን በሐሳብ እንውሰድ፤ ፕሮፔለሩ ከሞተሩ ኃይል 70 በመቶውን ወደ ግፊያ ይለውጥ፤ ከምድር እየራቀ ሲወጣ የአየሩን ተቃውሞ ለመቋቋም ብቻ በባሕር ወለል 25 ኪሎ ዋት ይፈልግ። የተረፈው ኃይል በሰከንድ አምስት ሜትር ተኩል ያወጣዋል። በጣና ዳር ግን የሞተሩ ኃይል ሲቀንስ፣ በስስ አየር ውስጥ ያው ክብደት እንዲያዝ እውነተኛው ፍጥነት መጨመር ስላለበት ለተቃውሞው የሚያስፈልገው ኃይል ይባስ ይጨምራል፤ ከሁለቱም ወገን የተነከሰው ትርፍ በሰከንድ ሁለት ሜትር ብቻ ያወጣል። ኃይሉ በሩብ ሲጎድል የመውጣቱ ፍጥነት ከግማሽ በላይ ጎደለ ማለት ነው፤ በሦስት ደቂቃ ያልቅ የነበረው የአንድ ሺህ ሜትር አቀበትም ስምንት ደቂቃ ይፈጃል። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ብረቱ ሙሉ ትኩሳቱን ሳይቀበል ጉዞው ይረግባል፤ በስምንት ደቂቃ ግን የሲሊንደሩ ራስ ወደ መጨረሻው ትኩሳት ይደርሳል። በዚህ ላይ ከሐይቁ ማዶ ያሉት ተራሮች እየቀረቡ መምጣታቸውን የሚያይ አብራሪ አፍንጫውን ከፍ ማድረግ ይቃጣዋል፤ ፍጥነቱ በአሥረኛ ሲጎድል ነፋሱን ወደ ኮፈኑ የሚገፋው ግፊት በ19 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ጥፋተኛው የአየሩ መሳሳት በራሱ ሳይሆን መሳሳቱ ያረዘመው አቀበት ነው።

ይህ ልዩነት የቃላት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላተትነው ነበር፤ ነገር ግን የሠሪውን እጅ ወደ ሌላ ቦታ ይመራዋል። አየሩ ሳስቷል ብሎ አፉን ያሰፋ ሰው፣ ለአቀበቱ ደቂቃዎች ሲል በጉዞው ሰዓታት ሁሉ ግብር ይከፍላል። አውሮፕላኑ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ወጥቶ በ200 የሚጓዝ ከሆነ፣ በጉዞው ላይ ያለው የነፋስ ግፊት ከአቀበቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፤ መንገዱ ሳይለወጥ ከቀረ ሞተሩ የማይሻው ነፋስ በብዛት ያልፋል፤ በዚያም የሚባክነው ኃይል ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ በሚወጣው መጠን፣ ማለት ወደ ስድስት እጥፍ፣ ያድጋል። ሊቈጣጠሩት የሚገባው እንግዲህ መውጫውን ነው። የጣና ራሱ ሥርዓት ለዚህ ምስክር ይሆናል፤ ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ እንደ ፈቃዳቸው ይገባሉ፤ የሐይቁ ከፍታ የሚጠበቀው ግን ዓባይ በሚወጣበት በጨረጨራ በሮች ነው። በኮፈኑም እንዲሁ ነው፤ መግቢያው ከንፈሩ ወፍራምና ክብ ሆኖ መጠኑ ይወሰን፤ ትርፉ ነፋስ በክቡ ከንፈር ላይ ተንሸራቶ በውጭ በኩል ቢያልፍ ብዙ አይጎዳም፤ በመውጫው ላይ ግን በአቀበት የሚከፈት በጉዞ የሚዘጋ መዝጊያ ይደረግ።

ከመዝጊያው በፊት ደግሞ ሽንቁሩ ይደፈን። ነፋሱን በሲሊንደሮቹ መካከል እንዲያልፍ የሚያስገድዱት ላሜራዎች ከኮፈኑ ጋር በሚገናኙበት ቦታ፣ ጎማው በተቀደደበት፣ ማእዘኑ በተከፈተበት፣ ሽቦ ለማሳለፍ በተበሳበት ሁሉ የሚሾልከው አየር ለተቃውሞው ሙሉ ዋጋውን አስከፍሎ ለሞተሩ ምንም ሳይሠራ ይወጣል። ይህ ከሁሉ የረከሰው ጥገና ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን በእጅ በሚሠራ አውሮፕላን ላይ ከማናቸውም ውበት ያለው ቅርጽ ይልቅ ፍጥነት የሚያስገኘው ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ የመድፈን ሥራ ነው።

ከፀሐይ ሰማንያ ዓመት በኋላ፣ የጤና ባለሙያው አስመላሽ ዘፈሩ በ570 ቀን የሠራውን ኬ-570ኤ አውሮፕላን በ2007 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ሲሞክር የዓለም ጋዜጦች ወሬውን አደረሱ። ሙከራው ለበረራ አልበቃም፤ ትጋቱ ግን የተደነቀ ነበር፤ ወሬ ነጋሪዎቹም እንደ ልማዳቸው የዕቃዎቹን አሮጌነትና የሰውየውን ሕልም አተቱ እንጂ የሞተሩን ትኩሳት የጠየቀ አልነበረም። የመኪና ሞተር ወደ አየር ሲወጣ የሚገጥመው ፈተና ግን እዚያ ላይ ነው። በአገራችን ጎዳና የምናውቀውን ቮልስ ብንወስድ፣ ሞተሩ ያለ ውኃ የሚሠራ በመሆኑ በአውሮፓና በአሜሪካ አውሮፕላን በእጃቸው በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ተወዳጅ ነው፤ በመኪናው ላይ በቺንጋ የሚሽከረከረው ማራገቢያው ግን ከሞተሩ ጉልበት ስለሚበላ በአውሮፕላን ላይ ይነቀላል፤ የእርሱን ሥራ የሚተካው የበረራው ነፋስ ብቻ ይሆናል። ከዚያም በላይ የመኪና ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው ለጥቂት ጊዜ፣ በአቀበት ወይም በቀደማ ነው፤ የአውሮፕላን ሞተር ግን በዚያ ስምንት ደቂቃ አቀበት ከጫፍ እስከ ጫፍ ጨክኖ ይሠራል። መኪና ከጋለ ዳር ይዞ ይቆማል።

በኮፈኑ ውስጥ የሚያልፈውን ነፋስ ለመመርመር ታላቅ የነፋስ ዋሻ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተመሠረተው የባሕር ዳር ፖሊ፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ካሉት ወርክሾፖች በአንዱ ሊደረግ የሚችል ነገር ነው። እንደ ሀ ፊደል የጎበጠ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ውኃ ተሞልቶ፣ አንዱ ጫፍ ከሲሊንደሮቹ በላይ፣ ሌላው ከበታች ቢቀመጥ የሁለቱን ግፊት ልዩነት ይናገራል። በጣና ዳር ቀትር በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ነፋስ ያለው ግፊት 45 ሚሊ ሜትር፣ በ200 ኪሎ ሜትር የሚመጣው ደግሞ ወደ 148 ሚሊ ሜትር የውኃ ከፍታ ነው፤ ሁለቱም በዓይን የሚነበቡ በማስመሪያ የሚለኩ ናቸው። ከውጭ የመጣው ግፊት ስንቱ በሲሊንደሮቹ ላይ እንደ ደረሰ፣ ስንቱስ በመንገድ እንደ ጠፋ በዚህ ይታወቃል፤ ሽንቁር በተደፈነ ቍጥርም ውኃው ራሱ ይመሰክራል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ በገዛ ትንፋሹ ለሚሠራ ሞተር ነው። ተርቦ ያለው ሞተር ሲመጣ ክርክሩ ይገለበጣል፤ በዚያ ጊዜ አየሩ ሳስቷል የሚሉት ሰዎች እውነት ይኖራቸዋል። ዛሬ አውሮፕላን በእጃቸው ለሚሠሩ ሰዎች የሚሸጠው የሮታክስ 914 ሞተር ለአምስት ደቂቃ 115 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ ይህም ከፀሐይ ቫልተር ቬኑስ ጋር አንድ ቍጥር ነው። ነገር ግን ቬኑስ ከ2,400 ሜትር በላይ ባለው በጃን ሜዳ አየር ላይ ጉልበቱ ወደ 80 ሲወርድና ትኩሳቱም አብሮ ሲወርድ፣ ባለ ተርቦው 115ቱን ከሞላ ጎደል እንደ ያዘ፣ ሙሉ ትኩሳቱን ይዞ ይወጣል፤ በሰሌዳው ላይ ያው ፍጥነት ቢነበብም የሚያልፍለት የአየር ክብደት ግን በባሕር ወለል ከሚያገኘው 86 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለው ሞተር ራዲያተሩ ራሱ መስፋት አለበት፤ የመውጫው መዝጊያም ከባሕር ወለል ይልቅ ለደጋው ሰፋ ብሎ እንዲከፈት ሆኖ መሠራት ይገባዋል።