ማር ጠቋሚዋ ወፍና የተዘለለው ሰው

ስለ ተፈጥሮ ድንቆች በሚተርኩ ፊልሞችና የልጆች መጻሕፍት ማር ጠቋሚዋ ወፍ ዘወትር ከሃኒ ባጀር ጋር ትቀርባለች። ወፏ እየጮኸች ትመራለች፤ አውሬው የንቡን ጎጆ ይገነጥላል፤ እሱ ማሩን፣ እሷ ሰሙንና እጩን ይካፈላሉ። ያምራል፤ ማስረጃው ግን ስስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ጥናት፣ በ9 የአፍሪካ አገሮች ከተጠየቁ 400 ገደማ ማር ቆራጮች አብዛኞቹ ነገሩን ተጠራጥረውታል። አይተናል ባዮች በብዛት የተገኙት ታንዛንያ ውስጥ ነው።

እኔን የሚያሳዝነኝ ማጋነኑ ሳይሆን ይበልጥ የሚያስደንቀው መዘለሉ ነው። ኬንያዊው ሁሴን ኢሳቅና ሃይንዝ ኡልሪክ ራየር እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት፣ የሰሜን ኬንያ ቦረናዎች በማያውቁት አካባቢ ያለ ወፏ አንድ ጎጆ ለማግኘት በአማካይ 8.9 ሰዓት ሲፈጅባቸው፣ በእሷ መሪነት 3.2 ሰዓት በቅቷቸዋል። ወፏ አቅጣጫውንና ርቀቱን ትነግረናለች ማለታቸውንም አጥኚዎቹ እንደ ተረት አላለፉትም፤ በልኬት ፈትነው እውነት ሆኖ አገኙት።

ቦረናው ወፏን የሚጠራበት ፉጨት «ፉሊዶ» ይባላል፤ በተጋጠሙ መዳፎች፣ በቀንድ አውጣ ቅርፊት ወይም በተቦረቦረ የዘንባባ ፍሬ ይነፋል፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰማል። «ፉጨት» ብሎ የሚተረጉመው ሰው መሣሪያውንም ተጠሪዋንም ያጠፋል። የፊልሞቹ ተራኪዎች ግን ፉጨት እንኳ አላሉትም። «ደጓ ወፍ» እያሉ ሲያሞግሷትም፣ እንቁላሏን በሌሎች ወፎች ጎጆ እንደምትጥል፣ ጫጩቷም በመንጠቆ መሰል ምንቃሩ የባለቤቶቹን ጫጩቶች ወግቶ እንደሚገድል አያነሡም።