የወዳደቁ ዕቃዎችና የፊልም ድምፅ

ከወዳደቁ ዕቃዎች የፊልም ድምፅ መሥራትን ለተማሪዎች ማስተማር ዘወትር የሚመሰገነው በወጪው አነስተኛነት ነው። ምስጋናው ግን ዋናውን ቁም ነገር የዘነጋ ነው። ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ በዝርዝር መልክ ይሰጣል፤ ለፈረስ ኮቴ የኮኮናት ቅርፊት፣ ለነጐድጓድ ቆርቆሮ፣ ለእሳት የተጨማደደ ፕላስቲክ። ተማሪው ዝርዝሩን ይሸመድዳል እንጂ ማዳመጥን አይለምድም።

ለሙያው ስሙን ያወረሰው አሜሪካዊው ጃክ ፎሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1929 ለወጣው «ሾው ቦት» ድምፅ የሠሩት ፊልሙን በሸራ ላይ እየተመለከቱ ነበር። ዕቃው የእንቅስቃሴው አገልጋይ ነበር ማለት ነው። የተገመሰ የኮኮናት ቅርፊት በጠንካራ ወለል ላይ ሲመታ በጐድጓዳው ያለው አየር ስለሚያስተጋባ በድንጋይ ንጣፍ ላይ የሚሄድ ፈረስ ይመስላል። ፈረሱ በማሳ ላይ ሲሄድ ግን ያው ድምፅ ሐሰት ይሆናል፤ በሣጥን አፈር ሞልቶ በዚያ ላይ መምታት ያሻል። (ኮኮናት በማይገኝበት አገር የተገመሰ ቅል መሞከር ማንን ይጐዳል?) እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የእንግሊዞቹ «ሞንቲ ፓይተን ኤንድ ዘ ሆሊ ግሬይል» ፈረስ የሌላቸውን ባላባቶች ኮኮናት አንኳኪ አስከትሎ ያሳያል፤ ተመልካቹ የሚስቀው ዘዴው የቱን ያህል እንደ ተሰለቸ ስለሚያውቅ ነው።

መምህሩ አስቀድሞ የፊልሙን ድምፅ አጥፍቶ ሥዕሉን ቢያሳይ፣ መሬቱ ምን ዓይነት እንደ ሆነ፣ ተራማጁ ከባድ ይሁን ቀላል፣ ሩቅ ይሁን ቅርብ ቢጠይቅ፣ የዕቃው ፍለጋ ከዚያ በኋላ ትርጉም ያገኛል። የነጥብ አሰጣጡም መታረም ይኖርበታል። ብዙ ጊዜ የሚመዘነው በጠረጴዛ ላይ የተደረደረው ዕቃ ነው፤ ሠሪው ከመጋረጃ በስተኋላ ሆኖ ክፍሉ ሥዕሉን ብቻ እያየ ቢፈርድ ግን፣ ዕቃው ቢያምርም ባያምርም ነጥብ የሚያገኘው ድምፁ ይሆናል።