ስለ ኮንኮርድ ሶናታና ስለ ተጫዋቹ ድፍረት

የአንድ ድርሰት ባለቤት ማን ነው? የጻፈው ነው ወይስ ለሰሚ ጆሮ የሚያደርሰው? ስለ መጽሐፍ ቢሆን ጥያቄው እምብዛም አያስቸግርም፤ አንባቢው ብቻውን ከደራሲው ቃል ጋራ ይገናኛልና። ለሙዚቃ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኖታ ማንበብ የማይችል ሰው፣ ይኸውም አብዛኛው ሰሚ፣ ሌላ ሰው ተነሥቶ ካልተጫወተለት በቀር የዜማውን ደራሲ ሊያገኘው አይችልም። ስለዚህ በደራሲውና በሰሚው መካከል የሚቆመው ተጫዋች እንደ አስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚም ታማኝ ሊሆን ይችላል፤ ደፋርም ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም ሁለቱን በአንድነት ለመሆን ይሞክራል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው እንዲህ ያለውን ሙከራ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር አድርገን እንጽፋለን።

ቻርልስ አይቭስ በ1874 በአሜሪካ አገር፣ በኮኔቲከት ግዛት፣ ዳንበሪ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የወታደር ሙዚቃ መሪ ነበር። ልጁ ግን ሙዚቃን ለእንጀራው አላደረገውም፤ ቀን ቀን በኒው ዮርክ ከተማ የኢንሹራንስ ሥራ እየሠራ ኖረ፤ ሙዚቃውንም በማታና በዕረፍት ቀን ይጽፍ ነበር። ለገበያ ስላልጻፈ ገበያ የሚፈራውን ሁሉ ለመጻፍ አልፈራም። ከፒያኖ ድርሰቶቹ ታላቁ «ኮንኮርድ» የተባለው ሁለተኛው ሶናታ ነው። ኮንኮርድ በማሳቹሴትስ ግዛት የምትገኝ ትንሽ ከተማ ስትሆን ከ1840 እስከ 1860 ባለው ዘመን የአሜሪካ ታላላቅ ጸሐፊዎችና አሳቢዎች የኖሩባት ናት። የሶናታውም አራት ክፍሎች በስማቸው ተሰይመዋል፤ እነርሱም ኤመርሰን፣ ሆውቶርን፣ አልኮቶችና ቶሮ ናቸው።

የዚህን ድርሰት አስቸጋሪነት በሁለት ቃል መግለጥ አይቻልም። ሲጫወቱት ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። በኤመርሰን ክፍል አብዛኛው ገጽ ምቱን የሚከፍሉት ቋሚ መስመሮች የሉትም፤ ተጫዋቹ የት እንደሚተነፍስ፣ የት እንደሚጣደፍ ራሱ መወሰን አለበት። በሆውቶርን ክፍል ደግሞ ወደ 37 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም እንጨት በቁልፎቹ ላይ እንዲጋደም ታዝዟል፤ እንጨቱ የሚጫን እንጂ የሚመታ ስላልሆነ ከብዙ ቁልፎች በአንድነት የሚወጣው ድምፅ እንደ ጉም ለስላሳ ነው። በመላው ድርሰት ውስጥ የቤትሆቨን የአምስተኛው ሲምፎኒ መነሻ የሆኑት አራት ድምፆች እየተመላለሱ ይሰማሉ፤ አንድ ጊዜ እንደ ነጐድጓድ፣ አንድ ጊዜም በአልኮቶች ቤት ሳሎን ውስጥ አንዲት ልጅ በአሮጌ ፒያኖ እንደምትለማመደው ሆነው ይመጣሉ። በመጨረሻው ክፍል ቶሮ ዋልደን በተባለው ኩሬ ዳር ተቀምጦ ያስባል፤ ፈቃደኛ ተጫዋች ከተገኘም አንድ ዋሽንት መሰል ፍሉት ከሩቅ ይሰማል።

አይቭስ ይህን ሥራ በ1920 በራሱ ገንዘብ አሳትሞ ለሙዚቀኞች በነጻ አደለው። ከተቀበሉት መካከል ብዙዎቹ ሊጫወቱት ይቅርና ሊያነቡትም አልደፈሩም። ሙሉውን በቃሉ አጥንቶ ለሕዝብ ያቀረበው በ1905 የተወለደው ጆን ከርክፓትሪክ ነው። ይህ ሰው በሥራው ላይ ዓመታት ከደከመ በኋላ በኅዳር 1938 ኮስ ኮብ በምትባል የኮኔቲከት መንደር በጥቂት ሰዎች ፊት ተጫወተው፤ ቀጥሎም ጥር 20 ቀን 1939 በኒው ዮርክ ታውን ሆል በተባለው አዳራሽ አቀረበው። በማግስቱ ሎረንስ ጊልማን የተባለው የታወቀ የጋዜጣ ሐያሲ ሥራውን አሜሪካዊ ከደረሰው ሙዚቃ ሁሉ አስበልጦ አመሰገነው። አይቭስን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀውና ያከብረው የነበረው ወጣቱ የዜማ ደራሲ ኤልዮት ካርተር ግን በዚያው ዓመት «ሞደርን ሙዚክ» በተባለው መጽሔት ቅሬታውን ሳይደብቅ ጻፈ። እንግዲህ ሶናታው ከሕዝብ ፊት በቀረበ ጊዜ ክርክሩም አብሮት ተወለደ።

ዛሬ ስለ ድርሰቱ ታላቅነት የሚከራከር ሰው ጥቂት ነው፤ ክርክሩ ወደ ተጫዋቹ ዞሯል። ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። አይቭስ ከመጀመሪያው ዕትም በኋላ ዝም አላለም፤ በታተሙት ቅጂዎች ኅዳግ ላይ እየሰረዘና እየጨመረ ቆይቶ በ1947 ሁለተኛውን ዕትም አወጣ። በዚህ ዕትም ብዙ ቦታ፣ ይልቁንም በኤመርሰን ክፍል፣ ድምፆቹ ወፍረዋል፤ እርስ በርሳቸውም ይበልጥ ይጋጫሉ። ከርክፓትሪክ ግን ይህን ሁሉ ካወቀ በኋላ እንኳ በብዙ ቦታ ቀለል ያለውን የመጀመሪያውን ንባብ መረጠ፤ ከልዩ ልዩ ቅጂዎችም እየለቀመ ለራሱ የሚጫወትበትን ንባብ አዘጋጀ። በ1945 ለሸክላ ካስቀረጸው ሌላ በ1968 እንደገና ቀርጾ ያወጣው ይህንኑ የራሱን መንገድ የተከተለ ነው።

ይህን ድፍረት የሚነቅፉት ሰዎች የሚሉት ቀላልና ጽኑ ነው። ደራሲው በሕይወቱ ሳለ፣ አእምሮው ሳይጠፋ፣ ሥራውን አርሞ በስሙ አሳትሟል፤ የመጨረሻ ቃሉ ይህ ነው። የሰውን ኑዛዜ የሚያስፈጽም ሰው «የፊተኛው ኑዛዜ ይሻላል» ብሎ የኋለኛውን ሊተው አይችልም። ተጫዋቹ ጻድቅና አዋቂ ቢሆንም እንኳ የኑዛዜው ባለቤት አይደለም ይላሉ።

ደጋፊዎቹም መልስ አያጡም። አንደኛ፣ አይቭስ ራሱ ይህን ሙዚቃ እንደ ተዘጋ መጽሐፍ አልቈጠረውም፤ ሳይጨርሰው መኖርን እንደ ደስታ ይቈጥረው እንደ ነበረ በጽሑፉ ገልጧል። በ1943 አልኮቶችን ራሱ ተጫውቶ በተቀረጸ ጊዜም ከታተመው ኖታ ሲርቅ ይሰማል። ሁለተኛ፣ በ1947 የተጨመረው ሁሉ የሽምግልና አሳብ አይደለም፤ የኤመርሰን ክፍል ሶናታ ከመሆኑ በፊት ለፒያኖና ለኦርኬስትራ የታሰበ፣ ሳይጨረስ የቀረ ሥራ ነበርና አይቭስ ከዚያ ከጥንቱ ረቂቅ ብዙ ነገር መልሶ አስገብቷል። እንግዲህ «የመጨረሻው ቃል» የሚባለው በከፊል የመጀመሪያው ቃል ሆኖ ይገኛል። ሦስተኛ፣ የአይቭስን የእጅ ጽሑፎች አንድ በአንድ መርምሮ በ1960 ዝርዝራቸውን ያዘጋጀው ይኸው ከርክፓትሪክ ነው። ከእርሱ ይልቅ ወረቀቶቹን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ምርጫው የሰነፍ ምርጫ ነው ሊባል አይችልም።

እኛ ሁለቱንም ወገን ካዳመጥን በኋላ ያገኘነው ፍርድ ከሁለቱም ጥቂት ይለያል። በአገራችን የመጻሕፍት ሊቃውንት አንድምታ የሚባል የትርጓሜ ሥርዓት አላቸው። መምህሩ ንባቡን በግዕዝ ያሰማና ፍችውን ይሰጣል፤ ቀጥሎም «አንድም» እያለ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን ያመጣል። ድፍረቱ ትልቅ ነው፤ ከአንድ ቃል ብዙ ምሥጢር ያወጣልና። ነገር ግን ይህ ሁሉ «አንድም» ንባቡን ከቦታው አያነቃንቀውም። ደቀ መዝሙሩ ትርጓሜውን ባይወደው ተመልሶ ንባቡን ያገኘዋል። የከርክፓትሪክ ችግር እዚህ ላይ ይመስለናል። ሙዚቃ ኅዳግ የለውም፤ ተጫዋች «አንድም» ማለት አይችልም። በአንዱ ምሽት አንዱን ንባብ ብቻ ያሰማል፤ ሰሚውም ያንኑ ድርሰቱ ነው ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ የተጫዋቹ ምርጫ ከሊቁ ምርጫ የከበደ ዕዳ አለበት።

ይህን በምሳሌ እናስረዳ። በአልኮቶች ክፍል የከርክፓትሪክን መንገድ ያለ ማመንታት እንቀበላለን። ይህ ክፍል የቤት ሙዚቃ ነው፤ መዝሙር፣ የቤተ ሰብ ጨዋታ፣ የምሽት መብራት አለበት፤ በመጨረሻም ዋናው ዜማ ጥርት ባለ ኅብረ ድምፅ ከፍ ብሎ ሲወጣ ሰሚውን የሚያስደስተው ጥራቱ ነው። እዚህ ላይ ቀለል ያለ ንባብ የነገሩን ጠባይ ያወጣል። በኤመርሰን ክፍል ግን አንስማማም። የኤመርሰንን ድርሰቶች ያነበበ ሰው እንደሚያውቀው ዐረፍተ ነገሮቹ እንደ ተጠረበ ድንጋይ አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጣሉ እንጂ በጭቃ አይያያዙም። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘለው አንባቢው ነው። አይቭስ ድምፆቹን አወፍሮ እርስ በርሳቸው ሲያጋጫቸው ይህንኑ ሸካራነት በጆሮ እንድንዳስሰው የፈለገ ይመስለናል። ሸካራውን አለስልሶ ዜማውን ማሳየት ሰሚን መርዳት ነው፤ ነገር ግን ተራራውን የወጣነው በሌላ ሰው ጀርባ ታዝለን ይሆናል።

ይሁን እንጂ ዘመንን መመልከት ያስፈልጋል። በ1939 አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው እንዲህ ያለ ሙዚቃ ከዚያ በፊት አልሰማም ነበር። ከርክፓትሪክ ግልጽነትን ባይመርጥ ኖሮ ምናልባት በሩ ሳይከፈት በቀረ ነበር። ዛሬ ግን ጆሮ ሠልጥኗል። በ2004 የፈረንሳዩ ፒያኒስት ፒየር ሎራን ኤማር ባወጣው ቀረጻ፣ ደራሲው በፈቃድ የተወውን የቪዮላና የፍሉት ድምፅ እንኳ ሳይቀር አስገብቶ ሲጫወት ሰሚው አልሸሸም። በር የከፈተውን ሰው ማመስገን ይገባል፤ ነገር ግን በሩ ከተከፈተ በኋላ ቤቱን በሙሉ ለማየት መጠየቅ ውለታ መርሳት አይደለም።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። ተጫዋች ይድፈር፤ ደፋር ያላገኘ አስቸጋሪ ሥራ በመደርደሪያ ላይ ይሞታልና። ነገር ግን የትኛውን ንባብ እንደ መረጠና የትኛውን እንደ ተወ በግልጥ ይናገር፤ በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ቢጽፍ ይበቃዋል። እነዚያ ሁለት መስመሮች ሙዚቃው የሌለውን ኅዳግ ይተኩለታል፤ ሰሚውም ሌላ «አንድም» መኖሩን ዐውቆ ይሄዳል።

ነገሩ ለባዕድ አገር ሙዚቃ ብቻ የተነሣ እንዳይመስል አንድ ነገር ጨምረን እንፈጽማለን። የድጓ ምልክት በቃል የተቀበለውን ዜማ የሚያስታውስ እንጂ ዜማውን ሁሉ የሚይዝ አይደለም፤ ስለዚህ መሪጌታው ያስፈልጋል። በ2023 ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም በፒያኖ ሲጫወቱ ጊዜውን እንደ ትንፋሽ ያስረዝሙትና ያሳጥሩት ነበር፤ ያን ትንፋሽ ወረቀት ሙሉ በሙሉ አይዘውም። የእርሳቸውን ሥራ ከኖታ አንሥተው የሚጫወቱት ወጣቶች ነገ ከዚሁ ከከርክፓትሪክ ጥያቄ ጋራ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ወረቀቱን ብቻ ቢከተሉ ትንፋሹ ይጠፋል፤ ትንፋሹን ብቻ ቢፈልጉ የእማሆይን ሥራ የራሳቸው ያደርጉታል። ከሁለቱ አደጋ የሚያድነው ንባቡን አጥብቆ ዐውቆ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ «አንድም» ማለት ነው።