አዲጋላና ላስ ቬጋስ

ባቡር የወለዳቸው ሁለት የበረሃ ከተሞች አውቃለሁ። አንደኛዋ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ስትወርዱ፣ ሽንሌን አልፋችሁ የምታገኟት አዲጋላ ናት። ሁለተኛዋ ላስ ቬጋስ። ሳቃችሁ አይደል? ግድ የለም ሳቁ፤ ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ላስ ቬጋስ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 1905 የባቡር ኩባንያ የበረሃውን መሬት በጨረታ ሲቸበችብ ነው። ከዚያ ሁሉ በረሃ እዚያን ቦታ ለምን መረጠ? ምንጭ ስለነበረበት። የእንፋሎት ባቡር ደግሞ ውኃ ካልጠጣ አይሄድም። ስሟ ራሱ በስፓኝኛ «ጨፌዎቹ» ማለት ነው። የእኛ ባቡር ድሬዳዋ የገባው እ.ኤ.አ. በ1902 ነውና በአዲጋላ በኩል ያለፈው ሐዲድ ከዚያ ጨረታ ይቀድማል። በሐዲድ ከሆነ ታላቆቹ እኛ ነን ማለት ነው።

ታዲያ ታናሺቱ እንዲህ የተመነደገችው በምንድን ነው? ጠይቁ፤ ሁሉም «በቁማር!» ይላችኋል። እውነት አለው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። የኔቫዳ ክፍለ ግዛት ቁማርን በሕግ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። በዚያው ዓመት፣ ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ፣ የአሜሪካ መንግሥት የሁቨርን ግድብ መሥራት ጀመረ። በ1935 ግድቡ አለቀ፤ መብራቱ መጣ፣ ውኃውም ከጊዜ በኋላ ተከተለ። ካዚኖው የበቀለው በዚያ ውኃና በዚያ መብራት ላይ ነው። ወንበዴዎቹም ኋላ ነው የመጡት፤ ፍላሚንጎ ሆቴልን በ1946 የከፈተው ቡግሲ ሲገል ዓመት ሳይሞላው በጥይት ተገድሏል። እንግዳ ሆኖ የሚሄድ ሰው ግን የሚያየው የሚብለጨለጨውን ነው፤ ግድቡን ማን ያያል?

እኔም መጀመሪያ ያየሁት ብልጭልጩን ነው። ገና ከአውሮፕላን እንደወረዳችሁ፣ ሻንጣችሁን ሳታገኙ የቁማር ማሽኑ ይቀበላችኋል። ካዚኖ ውስጥ ስትገቡ ሰዓት የለም፣ መስኮትም የለም። መሽቶ ይሁን ነግቶ እንዳታውቁ ነው ነገሩ። እየተጫወታችሁ ከሆነ መጠጡ በነፃ ነው፤ የሰከረ ሰው መቁጠር አይችልማ! ከደጅ የግብፅ ፒራሚድ፣ የፓሪስ ማማ፣ የቬኒስ ቦይ ከነጀልባው ተደርድረውላችኋል፤ ሁሉም ቅጂ ናቸው። ደስ ይላል። በሁለተኛው ቀን ዓይን ይጠግባል፤ በሦስተኛው ቀን የራስ ነገር ያላት ከተማ ትናፍቃችኋለች።

የራስ ነገር ያገኘሁት በሠራተኞቹ ዘንድ ነው። ታክሲው ሀበሻ፣ መኪና አቁሞ ቲኬት የሚሰጠው ሀበሻ፣ አልጋ የምታነጥፈው ሀበሻ፣ ካርታ የሚያድለው ሳይቀር ሀበሻ! ቁጥራቸው ከመብዛቱ የተነሣ የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር በ2023 አንዱን ሰፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞላቸዋል። ያሳፈረኝን ልጅ «አንተስ ትጫወታለህ?» አልኩት። «ጋሼ፣ ተጫዋቾቹን የማመላልሰው እኔ ነኝ። ሲመጡ እየሳቁ ነው፣ ሲመለሱ ዝም ብለው። ይህን እያየሁ እንዴት ብዬ?» አለኝ። ሁሉም እንደሱ ነው አልልም፤ የሌሊት ደመወዙን ለማሽን የሚያጎርስ ወገን እንዳለ እነሱው ያወራሉ።

ልጁ በዓይኑ ያየውን በሒሳብ እንየው። በአሜሪካ የተለመደው ሩሌት 38 ቁጥር አለው። በአንዱ ላይ አንድ ዶላር አስይዛችሁ ከወጣላችሁ፣ ያስያዛችሁት ተመልሶ 35 ይጨመርላችኋል፤ በድምሩ 36። እስቲ በ38ቱም ላይ አንድ አንድ ዶላር አስቀምጡ። ያወጣችሁት 38፣ የሚመለስላችሁ 36። ኳሷ የትም ትውደቅ፣ ሁለቷ ዶላር የቤቱ ናት። ማጭበርበር የለበትም፣ ድግምትም የለበትም። ቤቱ አይከስርም፣ አለቀ።

«ኑሮ ራሱ ቁማር አይደል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። በአሮጌው ባቡር ጨርቅና ሩዝ ያመላልሱ የነበሩትን ሴቶች አስቡ። እነሱም ገንዘባቸውን አስይዘዋል፤ ፊናንስ ከያዘው ጠፋ፣ ካለፈ ተረፈ። ግን ልዩነት አለ። ነጋዴዋ በተመላለሰች ቁጥር መንገዱን ታውቃለች፣ ገበያውን ትለያለች፣ ደንበኛ ታፈራለች፤ ዘንድሮ ከአምና ትሻላለች። ቁማርተኛው ሺህ ጊዜ ቢቀመጥ ማሽኑ አንድ ነገር አያስተምረውም። እሷን ልምዷ ያተርፋታል፤ እሱ በቆየ ቁጥር የሚያተርፈው ቤቱ ነው።

ከላስ ቬጋስ የሚቀዳ ቁም ነገር የለም ማለቴ አይደለም። አለ እንጂ! በቤት ውስጥ ከቧንቧ ወርዶ ወደ ፍሳሽ የገባው ውኃ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተጣርቶ ወደ ሚድ ሐይቅ ይመለሳል። ለጌጥ ብቻ የተተከለ ሣር በኮሎራዶ ወንዝ ውኃ እንዳይጠጣ በ2021 ሕግ ወጥቶ እስከ 2026 መጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶታል። ያ ሁሉ ብክነት ያለበት ከተማ የውኃ ጠብታ ይቆጥራል! የሆቴልና የካዚኖ ሠራተኞቹም ማኅበር አላቸው። በ2023 ሥራ ሊያቆሙ ቀን ከቆረጡ በኋላ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች የተሻለ ደመወዝ ተደራድረው ወስደዋል። ቤቱ አይከስርም ያልኩት ለተጫዋች ነው፤ ተደራጅቶ ለሚሠራ ግን ቤቱም ይሰጣል።

እኛ የቀዳነው የትኛውን ነው? ውርርዱን! የስፖርት ውርርድ ቤት በየከተማው እንደ ሱቅ ፈላ። በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ቤቶቹን ዘጋ፤ ጨዋታው ግን ስልክ ውስጥ ገብቶ ኪስ ለኪስ ይዞራል። የእንግሊዝን ክለብ ተጠባባቂ በረኛ ሳይቀር የሚያውቅ ወጣት፣ የሰፈሩ የውኃ ቧንቧ ለምን እንደደረቀ አይጠይቅም። ሥራ የለውማ፣ ምን ያድርግ ትሉኝ ይሆናል። ሥራ ያጣ ሰው በኪሱ ያለችውን ሃምሳ ብር ለማያከስር ቤት ሲሰጥ ግን ሥራ አጥነቱ አይቀንስም፤ ሃምሳ ብሩ ብቻ ይቀንሳል።

በ2008 ዓ.ም. ድርቅ የአዲጋላ አካባቢ፣ ያ ሁሉ የሲቲ ዞን ምድር፣ ከብቱን ሲቀብር ነበር። በዚያው ሰሞን በዚያው ምድር የአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ሥራ እየተጠናቀቀ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመረቀ። የሚገርመው፣ ወደ ላስ ቬጋስ የመንገደኛ ባቡር ከቀረ ከ1997 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ በአዲጋላ በኩል ግን ያልፋል። የኤሌክትሪክ ባቡር ውኃ አይጠጣም፤ ለውኃ ብሎ አይቆምላትም። ሰዎቹና ከብቶቹ ግን ይጠጣሉ። ከበረሃ ወደ በረሃ አንድ ነገር ኮርጁ ብባል፣ መብራቱንና ፒራሚዱን እዚያው ትቼ የውኃ ማጣሪያውን ፕላን ይዤ እመጣለሁ።