«የከብት ነቀርሳ» ስንል የትኛውን ጀርም ማለታችን ነው?

ስለ ነቀርሳ በሚጻፉ ጽሑፎችና በሥልጠና መድረኮች ደጋግሞ የሚሰማ አንድ አባባል አለ። ይኸውም በኢትዮጵያ የአንገት ዕጢ ነቀርሳ የበዛው ሕዝቡ ጥሬ ወተት ስለሚጠጣና ጥሬ ሥጋ ስለሚበላ ነው የሚል ነው። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል፤ ከምናውቀው ባሕልም ጋር ይስማማል። ሆኖም ብዙውን ጊዜ የጀርሙ ዝርያ ሳይመረመር የተላለፈ ፍርድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ትችትም በዚሁ ላይ ያተኩራል።

ስሕተቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ሮበርት ኮክ የነቀርሳን ባሲለስ ማግኘቱን እ.ኤ.አ. በ1882 ባስታወቀበት ጊዜ የሰውና የከብት ነቀርሳ የአንድ ጀርም ሥራ መስሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1898 አሜሪካዊው ቲዎባልድ ስሚዝ ሁለቱ እንደሚለያዩ አሳየ። ኮክም እ.ኤ.አ. በ1901 ለንደን በተደረገው የነቀርሳ ጉባኤ ላይ ልዩነቱን ተቀብሎ፣ የከብቱ ጀርም ለሰው ያን ያህል አያሰጋም ወደሚል ሌላ ጽንፍ ተሻገረ። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የብሪታንያ ንጉሣዊ ኮሚሽን ግን ለ10 ዓመታት መርምሮ፣ የከብቱ ባሲለስ ሰውን፣ በተለይም ሕፃናትን፣ እንደሚያሳምም አረጋገጠ። ታላቁ ሊቅ እንኳ ስለ ዝርያ ሲናገር ከማስረጃው አልፎ ከሄደ፣ እኛማ ምን ያህል መጠንቀቅ ይገባን ይሆን?

የምርመራዎቻችንን ቋንቋ በሚገባ ማንበብ የመጀመሪያው ግዴታ ነው። በዚል ኒልሰን ቀለም የቀላ ባሲለስ አሲድ የሚቋቋም ጀርም መኖሩን ይናገራል እንጂ ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ ይሁን ማይኮባክቴሪየም ቱበርክሎሲስ አይለይም። በከብት ቆዳ ላይ የሚደረገው የቱበርኩሊን ምርመራም የእንስሳውን አካል ምላሽ ያሳያል እንጂ ጀርሙን በስሙ አይጠራም። በቄራ የሚታይ ቁስልም እንደዚሁ ነው። ዛሬ በየሆስፒታሉ የምንጠቀምበት ጂን ኤክስፐርት ራሱ የሚያመለክተው የነቀርሳ ጀርሞችን ቤተሰብ በጥቅሉ ነው። የሁለቱ ጀርሞች የዘር መዋቅር ከ99.95 በመቶ በላይ አንድ ዓይነት በመሆኑ ልዩነቱን ለማየት ካልቸር፣ የባዮኬሚካል ምርመራና የዲ ኤን ኤ ትንተና ያስፈልጋሉ። ቦቪስ ኒያሲን አያጠራቅምም፤ አርዲ 4 የሚባለውም የዲ ኤን ኤ ክፍል ይጎድለዋል።

እንግዲህ ከቆዳ ምርመራ ብቻ ተነሥቶ «በመንጋው ውስጥ ቦቪስ ተገኘ» ብሎ የሚጽፍ አጥኚ ከመረጃው በላይ ተናግሯል። በተቃራኒው ደግሞ ናሙናውን ግሊሰሮል ባለው ሚዲያ ላይ ብቻ አሳድጎ «ቦቪስ የለም» የሚል አጥኚም ፍርዱ ጎደሎ ነው። ምክንያቱም ይህ ጀርም በግሊሰሮል ላይ በደካማ ሁኔታ ስለሚያድግና ፓይሩቬት ስለሚሻ ነው።

ዝርያው በወጉ በተለየበት ጊዜ የተገኘው ውጤት የተለመደውን አባባል አልደገፈም። በኢትዮጵያ ከሰው የዕጢ ነቀርሳ የተገኙ ጀርሞች በዲ ኤን ኤ ሲመረመሩ አብላጫዎቹ ማይኮባክቴሪየም ቱበርክሎሲስ ሆነው ተገኝተዋል፤ ቦቪስ የነበሩት እጅግ ጥቂት ናቸው። ከቄራ ከብቶች በብዛት የተለየው በእርግጥ ቦቪስ ነው። ነገር ግን ከአንዳንድ ከብቶች የሰው ነቀርሳ ጀርም ተለይቷል። ይህ ማለት መተላለፉ ከከብት ወደ ሰው ብቻ ሳይሆን ከሳይ ባለቤት ወደ ከብቱም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ወተቱን ስንከስስ ከበረቱ አጠገብ የሚያስለውን ሰው ዘንግተን እንዳይሆን ያሰጋል።

«ይህ የላቦራቶሪ ሰዎች ክርክር ነው፤ ለሕመምተኛው ምን ይፈይዳል?» የሚል ይኖራል። መልሱ በመድኃኒቱ ላይ ይገኛል። ቦቪስ ፒራዚናማይድን በተፈጥሮው ይቋቋማል። ስለዚህ በቦቪስ የታመመ ሰው በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ከሚወስዳቸው 4 መድኃኒቶች አንዱ አይሠራለትም፤ በዚህም ምክንያት አንዳንድ የሕክምና መመሪያዎች ሕክምናው ወደ 9 ወር እንዲራዘም ይመክራሉ። በሌላ በኩል የአንገት ዕጢ ያበጠበትን ሕፃን «ወተት ነው» ብለን ስናሰናብት፣ በቤቱ ውስጥ ሳንባው የታመመ አዋቂ መኖሩን ሳንጠይቅ እንቀራለን። ያ አዋቂ ሳይታከም በቆየ ቁጥር ሌሎችን ይበክላል።

ከላይ የተባለው ሁሉ ጥሬ ወተትን ነጻ ለማውጣት አይደለም። ወተት ማፍላት ከቦቪስም ከብሩሴላም ይጠብቃል፤ ምክሩም መቀጠል አለበት። የምንቃወመው ምክሩን ሳይሆን፣ ምክሩን ለማጠናከር ሲባል ያልተረጋገጠ ዝርያ እንደ እውነት መጻፉን ነው።

ስለዚህ ጸሐፊዎቻችን ዝርያ ሲጠሩ በምን ዘዴ እንደለዩት አብረው ይግለጹ፤ ካልለዩ «የነቀርሳ ጀርሞች ቤተሰብ» ብለው ይለፉት። አርታዒዎችም ይህን ሳያዩ ጽሑፍ አያሳልፉ። የሰው ሐኪሙና የእንስሳት ሐኪሙ በአንድ ቤተሰብ ዘንድ ሰውና ከብት ሲታመሙ ናሙናቸውን ጎን ለጎን ያስመርምሩ። የጀርሙ ስም በትክክል ሳይታወቅ የሚጻፍ መደምደሚያ፣ ስሙን ሳይጠይቁ በሰው ላይ እንደ መፍረድ ነው።