የማን ልጅ ነህ?

ባለፈው ክረምት «ፍራንከንስታይን»ን ኮልፌ አጠና ተራ፣ አያቴ ግቢ ውስጥ ለማሳየት ሞክረን ነበር። አራት ጓደኛሞች ነን፤ ሁለት ተዋናዮች፣ አንዲት አዘጋጅ፣ እና እኔ ሶፍትዌር ሠሪው። መድረክ የለም፣ ወንበር የለም። ተመልካቹ ከዋናው ቤት ወደ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት ወደ ሰርቪስ እየተዘዋወረ ታሪኩ መሃል ይገባል። መብራቱንና ድምፁን የሚያዘው ኮድ የእኔ ነው። ይህን የምጽፈው ሥራችንን ለማሞገስ አይደለም። የሠራነው ስህተት የእኛ ብቻ ስላልመሰለኝ ነው።

ደንባችን፦ ተመልካች አይናገርም፣ አይነካም። የወሰድነው ከእንግሊዙ ፓንችድረንክ ነው። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2011 ኒውዮርክ ላይ በከፈተው «ስሊፕ ኖ ሞር» ተመልካቹ ነጭ ጭምብል አጥልቆ፣ አፉን ዘግቶ፣ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ እንደ መንፈስ ይንከራተት ነበር። የዚያ ሥራ መነሻ «ማክቤዝ» ነው፤ ግድያን በዝምታ የሚያይ መንፈስ መሆን እዚያ ያስኬዳል።

ለ«ፍራንከንስታይን» ግን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1818 የታተመው የሜሪ ሼሊ ልብ ወለድ የሚያስፈራው በጭራቁ መልክ ብቻ አይደለም። ፍጡሩ ዓይኑን ሲገልጥ ፈጣሪው ጥሎት ይሸሻል፤ ስም እንኳ አያወጣለትም። ከአንድ ቤተሰብ ጎጆ ጎን ተደብቆ፣ በግድግዳ ቀዳዳ እያየና እያዳመጠ ቋንቋ ይማራል። አንድ ቀን ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ብቻቸውን ሲሆኑ ይገባል። እሳቸው መልኩን ስለማያዩ በደግነት ያዋሩታል። ልጃቸው መጥቶ ሲያየው ግን በዱላ ይደበድበዋል። ማለትም መጽሐፉ የሚጠይቀን አንድ ነገር ነው፤ መጀመሪያ ታየዋለህ ወይስ ትሰማዋለህ?

ቲያትር ይህን ንግግር የቀማው ገና ከጅምሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1823 ሪቻርድ ብሪንስሊ ፒክ ለንደን ላይ ባሳየው ተውኔት ፍጡሩ ዲዳ ነበር። በማስታወቂያው ላይ በስሙ ቦታ ባዶ ሰረዝ ተደረገ፤ ሼሊ ራሷ አይታው ሰረዙን ወዳዋለች። አንደበቱን በደንብ ከመለሱለት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2011 ዳኒ ቦይል ያዘጋጀው ነው። ታሪኩን ከፍጡሩ ወገን አስጀምሮ፣ ሁለቱ ዋና ተዋናዮች ፈጣሪንና ፍጡርን እየተፈራረቁ እንዲጫወቱ አደረገ።

እኛ ይህን ሁሉ አንብበን ገንዘባችንን በመብራትና በሜካፕ ላይ ጨረስን።

በዚያ ምሽት ፍጡሩ በር ሲያንኳኳ «ሂድ!» የሚል የተቀዳ ድምፅ ይመልስለት ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መብራት ጠፋ። ድምፁም ጠፋ። ውጭ የቆመው ጓደኛችን ግን ማንኳኳቱን ቀጠለ። አሥራ አራት ተመልካች ጨለማ ውስጥ ዝም። ደንብ ነዋ!

ደንቡን የጣሱት ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው ጎረቤታችን ናቸው።

«ማነው?»

«ስም የለኝም።»

«ስም የሌለው ሰው አለ እንዴ? ግባ ልጄ፣ ዝናብ አይምታህ።»

ገባ። በዳበሳ እጁን ያዙትና አገሩ ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቁት፦ «የማን ልጅ ነህ?»

ጓደኛዬ መልስ አጣ። ፍጡሩም ቢሆን መልስ የለውም፤ ቁስሉ ይሄው ነው። እኔ በወራት ልፋት ያላመጣሁት ፍርሃት በአንድ ጥያቄ ክፍሉን ሞላው።

በዚያች ሰዓት እኔ ምን እያደረግኩ ነበር? ሲስተሙን ወደ ባትሪ እየቀየርኩ። ተሳካልኝ፤ መብራቱ ቦግ አለ። እማማ የተሰፋውን ፊት አዩ፣ «በስመ አብ!» ብለው እጃቸውን ነጠቁ። ስልኮች ተነሱ፣ ሰው ሳቀ። ዱላ የያዘው ልጅ እኔ ሆንኩ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ትዝ ያለኝ ጎንደር ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 እዚያ የዛር ሥርዓትን ተከታትሎ፣ በ1958 በዛርና በቲያትር ግንኙነት ላይ መጽሐፍ አሳትሟል። ያየውን ሰዎች የሚኖሩት ቲያትር ብሎ፣ ከሚጫወቱት ቲያትር ለይቶታል። እዚያ ታዳሚው አፉን አይዘጋም፤ ይዘፍናል፣ ያጨበጭባል። ዛሩ ማን እንደሆነና ምን እንደሚፈልግ ይጠየቃል፣ ይለመናል። የሰው እምነት ነውና ሥርዓቱን ገልብጠን ትርኢት እናድርገው አልልም። ግን አስፈሪን ነገር «ማነህ?» ብሎ መጠየቅ ለእኛ አዲስ እንዳልሆነ ያሳያል። ኒውዮርክ ድረስ ሄደን ዝምታን መዋሳችን ይገርመኛል።

በሚቀጥለው ክረምት እንደግመዋለን። በሩ ሲንኳኳ የሚመልሰው ተመልካቹ ይሆናል፤ ካልከፈተም ጓደኛችን ዝናቡ ላይ ይቆያል። የመብራቱን ኮድ ግማሹን አጥፍቼዋለሁ። እማማን ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ እሳቸው የጠየቁኝ ግን ስለ መብራቱ አልነበረም። «ያ ልጅ ልብሱን ቀየረ?» አሉኝ።