«ቢፔኒስ» እና ሁለት አፍ ያለው ምሳር

በላቲን ቋንቋ በሁለት ወገን የተሳለ ምሳር «ቢፔኒስ» ይባላል። የቃሉ አመጣጥ ግን ከጥንት ጀምሮ አከራካሪ ነው። ኵዊንቲሊያኖስ በ95 ዓ.ም. ገደማ (እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር) በጻፈው የንግግር ጥበብ መጽሐፍ ቃሉን የሚያወጣው ጥንታውያን «ስል» ለማለት ይናገሩበት ነበር ከሚለው ከ«ፒኑም» ነው፤ «ፔና» ከሚባለው ከወፍ ክንፍ የሚያወጡትንም ተሳስተዋል ይላል። በ636 ዓ.ም. ያረፈው የሴቪል ኤጲስ ቆጶስ ኢሲዶሮስ ደግሞ ሁለቱን አሳብ ጎን ለጎን ያኖራቸዋል።

የኵዊንቲሊያኖስ ነቀፌታ የሚጸና አይመስልም። ፕሊኒዮስ ያንኑ ቃል ሁለት ክንፍ ስላላቸው በራሪ ነፍሳት ተናግሮበታልና። ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ «ባለ ሁለት ክንፍ ምሳር» ብሎ መተርጐም ሌላ ስሕተት ነው፤ የቃል ግንድ ሌላ፥ የቃል ፍች ሌላ ነው። ሮማዊው «ቢፔኒስ» ሲል የሚያስበው ስለቱን እንጂ ወፍን አይደለም።

አማርኛ ለዚህ ነገር የራሱ ምሳሌ አለው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ ባሕር ዛፍ የሚቈርጠው፥ ሞፈርና ቀንበር የሚጠርበው ገበሬ ምሳሩ በተለምዶ አንድ ስለት ቢኖረውም፥ ያ ስለት «አፍ» ይባላል፤ ሲደነዝዝም «አፉ ዶለዶመ» ይባላል። በዕብራውያን መልእክት 4ኛ ምዕራፍ ያለው ሰይፍም በግዕዝም በአማርኛም የሚጠራው በሁለት አፉ ነው፤ ዕብራይስጥም የሰይፍን ስለት አፍ ይለዋል። ላቲን መልኩን አይቶ ክንፍ አለ፤ የእኛ ቋንቋዎች ሥራውን አይተው የሚበላ አፍ አሉ። እንግዲህ የ«ቢፔኒስ» ትክክለኛ ትርጕም «ሁለት አፍ ያለው ምሳር» ነው።

የድምፅ መመሳሰልም ሊያታልል አይገባም። «ፋስ» የሚለውን ስም በሮማ ሹማምንት ፊት ይያዝ ከነበረው «ፋስኪስ» ጋር ማዛመድ ከንቱ ነው። «ፋስኪስ» የበትር እስር ማለት ሲሆን፥ በውስጡ ያለው ምሳር «ሴኩሪስ» ይባላል፤ «ፋስ» ግን ዘመዱ የዐረብኛው «ፈእስ» ነው። «ሴኩሪስ» መቍረጥ ከሚል ግሥ እንደ ወጣ፥ «መጥረቢያ»ም ከ«ጠረበ» ወጥቷል።

መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው እንዲህ ያለውን ቃል ከመጻሕፍት ብቻ ቢለቅም ጕድለት ይሆንበታል። ብረቱን የሚቀጠቅጠው ባለ እጅ ለዘመናት ተንቆ ኖሯል፤ ከእርሱ ጋር ቃሉም ተንቋል። የምሳርን ክፍሎች ስም ጠንቅቆ የሚያውቀው ግን እርሱ ነውና፥ ተርጓሚው ወደ ሮማ ከመሄዱ በፊት ወደ ወናፉ ዘንድ ይሂድ።